በአባባ ሽርጥ የተሸፈነው ትሪ

የሚጥል በሽታዬ ያጠናሁትን ሁሉ ያስረሳኝ ነበር። ደሴ ያየኝ ሐኪም «ማስታወስ አለማምዷት» ካለ ወዲህ፣ ኮምቦልቻ ቤታችን ውስጥ አስተማሪዬ አያቴ አባባ ሆኑ። በየቀኑ ከአስር ሶላት በኋላ ቁልፍ፣ መቁጠሪያ፣ ሎሚና ማንኪያ ትሪ ላይ ያሳዩኝና በሽርጣቸው ሸፍነው ያስጠሩኝ ነበር። አንዱ ሲጠፋኝ፣ «አብሽሪ ልጄ፣ የትም አልሄደም» ይሉኛል።

አባባ በተቀበሩ ማግስት ለቅሶ ቤቱ ውስጥ በሽታው ጣለኝ። ስነቃ «አባባ የት ሄዱ?» ብዬ ጠየቅሁ። እናቴ እያለቀሰች መርዶውን እንደ አዲስ ነገረችኝ።

ዳግም ሲጥለኝ ያንኑ ብጠይቅስ እያልኩ እፈራለሁ። ስለዚህ ከአስር በኋላ ትሪውን በሽርጣቸው ሸፍኜ ብቻዬን እጠራለሁ፦ ቁልፍ፣ መቁጠሪያ፣ ሎሚ፣ ማንኪያ፤ አባባ ሞተዋል።