መሪዋ መኪና

በእግር ኳስ ለዓመታት የተጠባባቂ ወንበር አሙቄያለሁ፤ መረብ ኳስም ሞክሬ ከወንበር አልተነሳሁም። የእሽቅድምድም ብስክሌት ላይ ስወጣ ግን፣ ለካ የተፈጠርኩት ለዚህ ኖሯል! አትሳቁ፤ ሱሉልታ ላይ በተደረገው የመጀመሪያ ውድድሬ ሁሉንም ጥያቸው ሄድኩ።

አሰልጣኛችን "ካሜራማን የጫነችውን ነጭ መኪና ተከተሉ፤ መንገዱን የምታሳያችሁ እሷ ናት" ብሎን ነበር። ከመታጠፊያው ስወጣ አገኘኋት። ካሜራማኑ የኋላ በሯን ከፍቶ ይቀርጻል፤ እኔን ሲያይ እጁን ያወናጭፋል። በርታ ማለቱ ነው ብዬ ፔዳሉን ረገጥኩት። ከኋላዬ የመኪና ጡሩምባ፣ ከዳር እልልታ! በኳስ ዘመኔ እናቴ እንኳ እንዲህ አልጮኸችልኝም።

መኪናዋ አስፋልቱን ለቃ አንድ ግቢ ደጃፍ ላይ ቆመች። በሩ ላይ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው መግቢያውን ዘግተዋል። የመጨረሻው መስመር ነዋ! ሁለት እጄን ሰቅዬ ስመጣ ብትንትን አሉልኝ፤ ገባሁ።

ውስጥ ትልቅ ድንኳን ተጥሏል፣ ምግብ ተደርድሯል። ዘወር ስል ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ከመኪና እየወረደ ያፈጥብኛል።

የሙሽሪት አባት፣ ኦቦ ፈይሳ የሚባሉ ሰው፣ ወደ እኔ መጡ።

"ይቅርታ አባባ፣ ውድድር ላይ ነበርኩ፤ ተሳስቼ ነው" አልኳቸው።

"ታዲያ ምናለበት? ኮቱ ታኢ፣ ቁጭ በልና ብላ! ብቻህን ነህ?"

"አዎ፣ ሌሎቹን ጥያቸው ነው የመጣሁት" አልኩ፤ ኩራቴ ገና አልለቀቀኝም።

አፌን ሳልዘጋ ተወዳዳሪዎቹ በሙሉ እኔን ተከትለው ግር ብለው ገቡ። ከፊት ያለው ከብስክሌቱ ሳይወርድ ጮኸ፦

"ሁለተኛ እኔ ነኝ፣ አይደል?"