አውድማው ላይ ያስቀመጥሁት ውሃ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርሁም፤ አብረውኝ ለሠሩትም አልነገርሁም። ለነፍስ አባቴ እንኳ፣ በየዓመቱ ሑዳዴ ሲገባ ፊታቸው ተንበርክኬ ስለ ምላሴ፣ ስለ ሆዴ፣ ስለ ስንፍናዬ ስናዘዝ፣ ይችን አንዷን ዘልያት አልፋለሁ። አባ ስለ ኮምፒውተር ምን ያውቃሉ? ከየትስ ጀምሬ ላስረዳቸው? እያልሁ። ሰበብ ነው። ይህን ኃጢአት ለመስማት ኮምፒውተር ማወቅ አያስፈልግም። ውሃ በሌለበት ቦታ ውሃ አለ አልሁ፤ ይኸው ነው። የቀረው እንዴት እንዳልሁ ነው።

እናንተ ግን ስሙኝ። ሰሞኑን መቀመጥ አቅቶኛልና ወዲያ ወዲህ ብል ታገሡኝ።

ዘመኑ የኢሕአዴግ ነበር፤ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት የሚደራጅበት፣ «ሽፋን» የሚባል ቃል ከስብሰባ የማይጠፋበት። እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርሁ። ባለሙያ ይባል እንጂ ሥራዬ ፕሪንተር ውስጥ የተወተፈ ወረቀት ማውጣትና ከፍላሽ ቫይረስ ማጥፋት ነበር። ሲሰለቸኝ በብሮውዘር ላይ ካርታ መሳል ራሴን በራሴ አስተማርሁ። የሳተላይቱ ምስል በትናንሽ አራት ማዕዘን ቁራጮች ተቆራርጦ ይመጣል፤ ኮዱ ጎን ለጎን ይደረድራቸዋል፤ በማውስ ስትጎትቱት ምድሩ አብሯችሁ ይንሸራተታል። የእኛ ኢንተርኔት መምጣቱ እንጂ መጥፋቱ ስለማያስገርም፣ ቁራጮቹን አስቀድሜ አውርጄ ቢሮው ኮምፒውተር ውስጥ አጠራቀምኋቸው። በላዩ ላይ የየወረዳውን የእጅ ፓምፕና ምንጭ በሰማያዊ ነጥብ አስቀመጥሁ። በየነጥቡ ዙሪያ ደግሞ ክብ ሣልሁ። ክቡ ውስጥ የገባ ጎጥ አረንጓዴ ይሆናል፤ ውሃ ደርሶታል ማለት ነው። ከክቡ ውጭ የቀረ ጎጥ ቀይ ነው። ከቡሬ እስከ ጅጋ ያለውን አገር እንዲያ በማውስ ሳገላብጠው የተሰማኝን ኩራት አልክድም። አገሩን እኔ የሠራሁት መስሎኝ ነበር።

ከወረዳ የመጣው መረጃ ግን ጎዶሎ ነበር። መዝጋቢዎቹ የጂፒኤስ ቁጥር ያልሞሉላቸው ፓምፖች ነበሩ፤ ባትሪ አልቆባቸው ይሁን ደክሟቸው አላውቅም። ቁጥር የሌለው አንድ ፓምፕ ሲያጋጥመው ኮዱ ይቆማል፤ ገጹም ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከክልል እንግዶች ሊመጡ ሦስት ቀን ቀርቷል። ኃላፊያችን በየሰዓቱ በሩን ገርበብ አድርጎ «ደረሰ?» ይለኛል። ምን አደረግሁ? አንድ መስመር ኮድ ጻፍሁ። ቁጥሩ ባዶ ከሆነ፣ ነጥቡን ቀበሌው መሐል ላይ አስቀምጠው የምትል። ለጊዜው ነው አልሁ። ወረዳ ደውዬ መጠየቅ እችል ነበር፤ አልደወልሁም። ነጥቦቹን ግራጫ ቀብቼ «ቦታው አልታወቀም» ብል አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ግራጫው ካርታዬን ያበላሽብኛል ብዬ ተውሁት። አያችሁ? ያን ቀን ያስጨነቀኝ መልኩ ነው።

እንግዶቹ መጡ፤ አዩ፤ አጨበጨቡልኝ። በዚያው ሰሞን የዓመቱ ጉድጓዶች የት የት ይቆፈሩ ሲባል ካርታዬ ግድግዳው ላይ ተከፈተ። ቀዮቹ ጎጦች ተመረጡ፤ አረንጓዴዎቹ ታለፉ። ማውሱን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። «ለጊዜው» ያልኋት መስመር ትዝ አላለችኝም ብላችሁ እዋሻችኋለሁ። ትዝ ብላኛለች። አፌን ከፈትሁ፤ ኃላፊው በደስታ ሲያየኝ መልሼ ዘጋሁት።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አያ ሞላ መጡ። ዋንዛ ጎጥ ከሚባል፣ ከጅጋ በእግር ሦስት ሰዓት ከሚወስድ ሰፈር፣ የጎጡ ሰው ወክሎ የላካቸው ሸምገል ያሉ ገበሬ ናቸው። ሴቶቻችን ዛሬም ገደል ወርደው ከወንዝ ይቀዳሉ፤ ታዲያ ለምን ታለፍን? አሉ። ኃላፊው ወደ እኔ ላካቸው። ጎጣቸውን ከፈትሁላቸው። አረንጓዴ ነው። መሐሉ ላይ ሰማያዊ ነጥብ አለች።

«ይች ሰማያዊ ምንድን ናት፣ ልጀ?»

«ውሃ ናት፣ አያ ሞላ።»

«እስኪ ቀረብ አርጋት።»

አቀረብኋት። የቤታቸው ቆርቆሮ ታየ፤ የበረታቸው አጥር ታየ። ነጥቧ ከበረቱ በላይ አንድ ክብ ራቁት መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። አያ ሞላ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው ቆዩ።

«ይኸማ የኔ አውድማ ነው» አሉ። «እዚህ ምን ውሃ አለ?»

መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። እውነተኛው ፓምፕ፣ የወረዳው መዝገብ እንደሚለው፣ ቀበሌው ጫፍ ላይ ትምህርት ቤቱ አጠገብ እንደሆነ፣ ነጥቧን የቀበሌው መሐል በሆነው አውድማቸው ላይ ያስቀመጥሁት እኔ እንደሆንሁ በሁለት ዐረፍተ ነገር የሚነገር ነገር ነበር። የኃላፊው በር ክፍት ነው፤ ይሰማል። ፈራሁ። ፈሪ ነኝ።

«ከላይ፣ ከሳተላይት የታየ ነው» አልኋቸው። «ካርታው አይሳሳትም።»

አያ ሞላ በሌባ ጣታቸው ስክሪኑን ነካ አድርገው፣ ከአውድማው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁኝ። መሐሉ ላይ አልሁ። «እግዜር ይስጥህ ልጀ» ብለው፣ መርቀውኝ ወጡ። ተገላገልሁ አልሁ። በሳምንቱ ያችን መስመር ሰርዤ፣ ኮዱ ቁጥር የሌላቸውን ፓምፖች እንዲዘላቸው አደረግሁ። ዋንዛ ጎጥ ቀይ ሆነ። ማንም ልብ አላለም፤ የመቆፈሪያው መኪና ወደ ሌላ ወረዳ ሄዷል። አስተካክያለሁ ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ምኑን ነው ያስተካከልሁት?

በዓመቱ ለመስክ ሥራ ወጥቼ ዋንዛ ጎጥ ደረስሁ። አያ ሞላ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። እጄን ይዘው ወደ አውድማው ወሰዱኝ። አውድማው መሐል ላይ ጉድጓድ ነበረ።

«አሥራ ሁለት ክንድ ደርሰናል» አሉኝ። «ውሃህ ገና ብቅ አላለችም እንጅ አፈሩስ ቀዝቀዝ ብሏል።»

ገባችሁ? ላይ ላዩን ውሃ የለም፤ የመንግሥት ካርታ ደግሞ አለ ብሏል፤ እንግዲያ ውሃው ከሥር ነው። ሰማይ ላይ ያለው መሣሪያ መሬት ሰርስሮ አይቷል ማለት ነው። ምን ስህተት አለበት? ከእኔ ሐሳብ የእሳቸው የተሻለ ነበር። ከልጃቸው ጋር ሆነው በጋውን ሁሉ ሲቆፍሩ ከርመዋል፤ የዚያን ዓመት ጤፍ ጎረቤት አውድማ ላይ ነው የወቁት።

ይተዉት ማለት ነበረብኝ። እኔ ምን አልሁ? በርቱ አልሁ። በርቱ! ይህን ቃል ዛሬም ሰው ሲናገረው ያመኛል። ጉድጓዱን አጎንብሼ አይቼ እንደ ዐዋቂ ራሴን ነቀነቅሁ። ጠላ ቀረበልኝ፤ እሱንም ጠጣሁ።

ክረምት ገባ። ዝናብ ያራሰው የጉድጓዱ ግድግዳ አያ ሞላ ውስጥ እያሉ ተናደ፤ ከወገብ በታች ቀበራቸው። የጎጡ ሰው ቆፍሮ አወጣቸው፤ በቃሬዛ ጅጋ፣ ከዚያ በመኪና ሆስፒታል አደረሳቸው። ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ስሰማ ብርቱካን ገዝቼ ሄድሁ። የምናገረውን መንገድ ላይ እየደጋገምሁ ተለማምጄዋለሁ፤ ቃል በቃል ይዤዋለሁ። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁ። ከጎናቸው የተኛው ሕመምተኛ ምን አገኛቸው ብሎ ሲጠይቅ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት አያ ሞላ ቀደሙኝ።

«ይኸ ልጅ እኮ ቦታውን አሳይቶኝ ነበር» አሉት፣ ወደ እኔ በአገጫቸው እያመለከቱ። «ውሃውስ አለ፤ እኔ ነኝ ያልደረስሁበት።»

ብርቱካን ላጥሁላቸው። ያደረግሁት ይህን ብቻ ነው። ልጬ ሰጠኋቸው፤ በሉ፤ መረቁኝ፤ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ተለወጠ። መንግሥት ተለወጠ፤ ኃላፊውም ተቀየረ፤ ያ ካርታ ዛሬ ብትፈልጉት አይከፈትም። አያ ሞላ በምርኩዝ ይሄዳሉ። ወጣት ነበርሁ፣ መረጃው ጎዶሎ ነበር፣ ኃላፊው አስጨንቆኝ ነበር ልላችሁ እችላለሁ። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም ግን «በርቱ» በል አላለኝም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ እናንተን ምን በደልኋችሁ? ለእናንተ መንገሬስ ምንድን ነው? ስለማታውቁኝ አይደል? የበደልኋቸው ሰው እዚያ በሕይወት እያሉ ለማያውቀኝ ሰው መናዘዜም ሌላ ሽሽት ነው።

ባለፈው ሳምንት ጅጋ ገበያ የዋለ የዋንዛ ጎጥ ሰው አግኝቼ ነበር። አያ ሞላ ጉድጓዱን በእሾህ አሳጥረው እንዳይደፈን ከልክለዋል አለኝ። ልጃቸው ዘንድሮ በጋ፣ እህሉ እንደገባ፣ ከቆመበት ሊቀጥል ተነሥቷል። አባትየው ቦታዋን ያውቃሉ፤ የቀረው ጥቂት ነው ይላሉ።

እህሉ እየገባ ነው። ነገ በጠዋት ተነሥቼ ዋንዛ ጎጥ እሄዳለሁ ብያለሁ። ትናንትም እንዲሁ ብዬ ነበር።