ወለተሰንበት በቁሟ ያስተከለችው ድንኳን

ወለተሰንበትን እኔ ወለቴ ነው የምላት፤ እሷ ደግሞ ዘይቱ ትለኛለች። የተዋወቅነው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ልደታ ማርያም ጀርባ በነበረው የቀበሌ አዳራሽ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ሀ ሁ ቆጠርን። እሷ ከእኔ ቀድማ ስሟን ጻፈች። ስሟ ረጅም ስለሆነ ከደብተሯ አልፎ ወደኔ ይመጣ ነበር።

«ወሰን ገፋሽ» እላታለሁ።

«ስም ያወጣልኝን ቄስ ክሰሺ» ትለኛለች።

ያ አዳራሽ ዛሬ የለም። ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል፤ ሰዉም ወደየአቅጣጫው ሄዷል። ወደ አብነት የሚወርደው የእኛ በኩል ግን እስካሁን አለ። እስከ መቼ እንደሆነ አላህ ያውቃል። የወለቴ ግቢ ከእኔ ግቢ በአንድ ቆርቆሮ አጥር ነው የሚለየው። ባሏ አስፋው አናጢ ነበር። በግቢው ጀርባ ሁለት ሰርቪስ ቤት በገዛ እጁ ሠራላት፤ አንዱን ለዕቃ፣ አንዱን ለኪራይ። በሩ ዛሬም ሲዘጋ ድምፅ የለውም፤ የአስፋው በር እንዲህ ነው።

ወለቴ ሃያ ዓመት ፍርድ ቤቱ አካባቢ ሻይ ሸጣለች። ጠበቃውም ተከሳሹም ከእሷ ብርጭቆ ነው የሚጠጣው። ከዚያ ይመስለኛል አነጋገሯ የመጣው። ሰው ሲያወራት «ማስረጃህ ምንድን ነው?» ማለት ትወዳለች። በእድራችን ደግሞ እንደሷ ያለ የለም። የክርስቲያኑም የእስላሙም ለቅሶ ላይ ከሁሉ ቀድማ ሰታቴ ስታጥብ የምትገኘው እሷ ናት። የባለቤቴ የሙከሚል ለቅሶ ጊዜ፣ ሦስቱንም ቀን ከእኔ ጎን አልተነሣችም።

አንድ ነገር ብቻ ነበረባት። እሷም አታነሣው፣ እኔም አላነሣባት።

የኤርትራ ጦርነት የተጀመረ ጊዜ ሰርቪስ ቤቱን ተከራይቶ የነበረው ፍሬምናጦስ የሚባል ኤርትራዊ ራዲዮ ጠጋኝ ነበር። እስከዚያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመት ኖሮበት ነበር። ከራዲዮ በቀር ከማንም የማያወራ ዝምተኛ ሰው ነው እያለች ትቀልድበት ነበር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ኤርትራውያንን የሚለቅሙ የመንግሥት ሰዎች መጡ። እኔ ልብስ ላሰጣ ወጥቼ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ።

«ይሄ ሰውዬ ምንሽ ነው?» አሏት።

«ተከራይ ነው። ሌላ የማውቀው የለም» አለች።

ያንኑ በወረቀት አስፈረሟት። በመሠረተ ትምህርት በተማረችው ፊደል ያንን ረጅም ስሟን ጻፈችላቸው። ፍሬምናጦስ ጫማውን አሥሮ ወጣና አጠገቧ ሲደርስ እንዲህ አላት፤ «እትዬ፣ የሙከሚል ራዲዮ ተሠርቷል። መደርደሪያው ላይ ነው፣ ይስጡልኝ።» ይዘውት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አላየነውም። ራዲዮው እኔ ቤት አለ፤ እስከ ዛሬ ይሠራል። ወለቴ እኔ ቤት ስትመጣ እንድከፍተው አትፈልግም።

ከዓመታት በኋላ፣ የዛሬ አራት ዓመት መሆኑ ነው፣ ለተብርሃን መጣች። ኤርትራዊት ናት። የነበረችበት የስደተኛ ካምፕ ጦርነት ሲደርስበት በእግሯ ወጥታ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ አዲስ አበባ ገባች። የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ትጠልፋለች። የስደተኛ ወረቀቷ ጊዜው አልፎበታል። ልታሳድስ በሄደች ቁጥር በኋላ ተመለሺ ይሏታል፤ በኋላው ግን አይመጣም። ደላላው ሙሌ ይዟት ዞሮ ዞሮ ሁሉም እንቢ ሲለው፣ «እማማ ወለተሰንበት ጋ ልሞክር እስቲ» ብሎ አመጣት።

ወለቴ ቁልፉን ሰጠቻት። በመጀመሪያው የእድር እሑድም እጇን ይዛ ስብሰባ ወሰደቻት።

«ፈቃደ፣ ጻፋት» አለችው ዳኛችንን።

«እትዬ፣ ተከራይ መመዝገብ ግዴታ አይደለም እኮ።»

«ቤቴ ውስጥ ብትሞትስ? አንተ ነህ የምትቀብራት? ጻፍ።»

ፈቃደ ከመዝገብ ቤት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ጽሕፈቱ ሲያዩት ያምራል። በቤተሰቧ ዝርዝር ሥር ጻፈ፤ ለተብርሃን፣ ኤርትራዊት፣ ተከራይ፣ ሰርቪስ ቤት። ወለቴ መነጽሯን አድርጋ ፊደሉን አንድ በአንድ አነበበችና ተመለሰች። እሷስ መልካም ሥራ መሥራቷ ነበር። መዘዙ ከዚያ መዝገብ ይመጣል ብሎ ማን አሰበ?

አምና አዲስ መመሪያ መጣ ተባለ። ወረቀት ለሌለው የውጭ ሰው ቤት ያከራየ፣ ቤቱ ይታሸጋል። በእድራችን ስብሰባ ነገሩ ተነሣና ሰዉ ተከራከረ። ሙሌ ብድግ ብሎ ተናገረ።

«እኔ ደላላ ነኝ፣ ገበያውን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ቤት ያስወደዱት እነሱ ናቸው። አንድ ክፍል አምስት ሆነው ይገባሉ፣ የተጠየቁትን ይከፍላሉ። የሰፈራችን ልጅ አግብቶ የሚገባበት አጥቶ እናቱ ሳሎን መጋረጃ ጋርዶ ይኖራል። ሐሰት ነው?»

ሐሰት አልነበረም። የእህቴ ልጅ እንደዚያው ነው የሚኖረው።

«አንተ አይደለህ እንዴ ያመጣህልኝ?» አለችው ወለቴ።

«ያኔ መመሪያ አልነበረማ፣ እማማ።»

«ከመመሪያው በፊት ሰው ነበረች፣ አሁን ምን ሆነች? ኪራዩን ያስወደደው በሁለቱም በኩል የሚቀበል ደላላ ነው የሚል ሰው ቢነሣስ፣ አንተንም እናሽግህ?»

ሰዉ ሳቀ፤ ሙሌም ሳቀ። ነገሩ ግን በሳቅ አላለቀም። የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት የነዋሪ ዝርዝር ከየእድሩ ጠይቆ ኖሯል። ፈቃደ ወረቀት ሲጠየቅ ደስ የሚለው ሰው ነው፤ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር ፎቶ ኮፒ አድርጎ፣ አስጠርዞ፣ ሸኚ ደብዳቤ ጽፎ ሰጠ። ክፋት አላሰበም። በሁለት ሳምንቱ ለወለቴ ደብዳቤ መጣላት። ለተብርሃን የተባለችውን ተከራይ እስከ ሐሙስ ካላስወጡ ክፍሉ ይታሸጋል።

ለተብርሃን ያንኑ ቀን ልብሷን ጠቀለለች። እኔ ስገባ ወለቴ በሩ ላይ ቆማ መንገድ ዘግታባታለች።

«እማማ፣ በእኔ ምክንያት ቤትዎ እንዳይታሸግ። እኔ መሄድ ለምጃለሁ» ትላታለች ልጅቱ።

«እኔ አልለመድኩም» አለቻት ወለቴ። «ያቺን ጥልፍ ጨርሺ። የሰው ሙሽራ ትጠብቅሻለች።»

ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ፈቃደ ቤት ሄደች። እኔም ተከተልኳት። ፈቃደ ሲያያት ፊቱ ጠቆረ። ደብዳቤው ከየት እንደመጣ ገብቶታል።

«እትዬ ወለተሰንበት፣ እኔ እኮ...»

«ስለዚያ አልመጣሁም። ድንኳኔን ስጠኝ።»

«የምን ድንኳን?»

«የሞቴን። ስሞት በሬ ላይ የምትተክሉትን። እሱን ሐሙስ ጠዋት ትከሉልኝ። ወንበሩም ሰታቴውም ሁሉም ይውጣ። ስሞት አልጠይቃችሁም፤ በባዶ በር ቅበሩኝ።»

ፈቃደ ወደኔ ዞረ። እኔ ምን ልበል? የሰው ሞት የራሱ ነው።

«ሬሳ በሌለበት ድንኳን አይወጣም፣ ደንባችን ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ደንቡን ታውቃለህ። እኔ ደግሞ አንተን አውቃለሁ። እናትህ ስትሞት ማን አጠባት?»

እሷና እኔ ነበርን ያጠብናት። ፈቃደ ወደ ውስጥ ገባ። ሲመለስ የመጋዘኑን ቁልፍ ይዞ ነበር። ለጂራታ፣ ለጡሩምባ ነፊያችን፣ እኔው ልሂድና ልንገረው አለ።

ወደ ቤት መንገድ ጀመርን። ልደታ ጸበል መውረጃ ጋ ስንደርስ ወለቴ ቆመች።

«ዘይቱ፣ ራዲዮው ይሠራል?» አለችኝ።

«ይሠራል።»

«ጥሩ ጠጋኝ ነበር» አለችና መንገዷን ቀጠለች። ይኸው ነው፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ ፍሬምናጦስ ያወራነው።

ሐሙስ ጠዋት ጂራታ ጡሩምባውን ነፋ። እንደ ልማዱ የሟች ስም መጥራት አለበት፤ ስም የለም። «ወይዘሮ ወለተሰንበት ቤት ትፈለጋላችሁ» ብቻ ብሎ አለፈ። ሰዉ ሞተች ብሎ እየተሯሯጠ መጣ። ጥቁር የለበሱም ነበሩ። በሩ ላይ እሷው ቆማ «ግቡ፣ ግቡ» ስትል የደነገጠ አለ፣ የተቆጣም አለ። ግን ማንም አልተመለሰም። ድንኳን ተተክሎ እንዴት ይመለሳል? ሙሌ ሳይቀር አግዳሚ ተሸክሞ መጣ።

«አንተ ደግሞ ሐሳብህን ቀየርክ?» አልኩት።

«አልቀየርኩም፣ እማማ ዘይቱና። ሐሳብ ሌላ፣ እድር ሌላ።» አግዳሚውን አስቀምጦ ሌላ ሊያመጣ ሄደ።

እኔ ንፍሮውን አወጣሁ። ለተብርሃን ጓዳ ተቀምጣ ነበር፤ ወለቴ ጎትታ አወጣቻትና ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ከራሷ ጎን አስቀመጠቻት።

አራት ሰዓት ግድም ከጽሕፈት ቤቱ መጡ። አንዲት ወጣት ሴትና ሁለት ደንብ አስከባሪዎች። ልጅቱን ሁላችንም እናውቃታለን፤ እድላዊት ናት፣ ከኮንዶሚኒየሙ። አባቷን የቀበርነው እኛ ነን፤ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች። ደንብ አስከባሪዎቹ ድንኳኑን ሲያዩ ቆባቸውን አወለቁ። እድላዊት ነጠላዋን አስተካክላ፣ አንገቷን ደፍታ ገባችና ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሁለቱም ከጎኗ። የለቅሶ ቤት ሥርዓት ነው፤ መጀመሪያ ይቀመጣል፣ ኋላ ይጠየቃል። ንፍሮ ሰጠኋቸው። ዘገኑ።

ከቆየች በኋላ ጎኗ ወደተቀመጠው ፈቃደ ጠጋ ብላ፣ «ማን አርፎ ነው?» አለችው።

ፈቃደ ወደ ወለቴ አየ።

«ማንም አልሞተም» አለች ወለቴ ከወዲያ ማዶ። «የእኔ ድንኳን ነው። ቀድሜ ወሰድኩት።»

እድላዊት እጇ ላይ የቀረውን ንፍሮ አየችው። አንዱ ደንብ አስከባሪ ማላመጡን አቆመ።

«እማማ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው» አለች። «ክፍሉን ማሸግ አለብኝ።»

«እሸጊ። ክፍሉ ከጀርባ ነው። ግን ይህን ሁሉ ሰው አልፈሽ ነው የምትሄጂው፤ አንቺ እያለፍሽ ሰዉ እንደተቀመጠ አይቀርም፣ ሬሳ ሲወጣ እንደሚደረገው ይነሣልሻል። ከዚያ ይህችን ልጅ መንገድ ላይ እናስቀምጣታለን። እኛም አጠገቧ እንቀመጣለን፤ ድንኳኑ ይከተለናል።»

ከአስፋልቱ የታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማል። እድላዊት ወደ ሰዉ አየች። አባቷን የተሸከሙት አሉ። እናቷን ደግፈው ያስቀመጡት አሉ። ዓይኗን ሰበረች።

«እሺ» አለች፤ «ለቅሶ ቤት ስለሆነ ማሸግ አልተቻለም ብዬ እጽፋለሁ። ለእናንተም ይሻላል።»

ደግ አሳቢ ልጅ ናት። ሰዉም ተነፈሰ፣ አለቀ ብሎ። ወለቴ ግን ተነሣች።

«እንደሱ አትጻፊ» አለች። «አንድ ጊዜ ውሸት ፈርሜያለሁ። አላውቀውም ብዬ። የማውቀውን ሰው። አሁን ይህን ጻፊ፤ ወለተሰንበት ተከራይዋን ታውቃታለች፣ አላስወጣም ብላለች። እኔ እፈርማለሁ።»

«እማማ፣ ያስከስስዎታል።»

«ፍርድ ቤቱ ቅርብ ነው። በእግሬ እሄዳለሁ። ሲጠጡት የኖሩትን ሻይ ያስታውሱ ይሆናል።»

እድላዊት እስክሪብቶ አወጣችና ጻፈች። ቃል በቃል ነው የጻፈችው፣ ጎኗ ሆኜ አይቻለሁ። ወለቴ እስክሪብቶውን ተቀበለች። ስሟ እንደ ድሮው ከመስመሩ አለፈ። ልጅቱ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተችና፣ ስትወጣ ለለተብርሃን እንደ ሐዘንተኛ እጅ ነስታ ወጣች። ከልማድ ይሁን ከሌላ፣ አልጠየቅኳትም።

ድንኳኑ ሦስት ቀን ቆሞ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ መጥቷል፤ ክስ ይመሠረታል የሚልም አለበት። ወለቴ ሁለቱንም አንብባ መሳቢያ ውስጥ አኑራቸዋለች። ለተብርሃን የያዘችውን ጥልፍ ጨርሳ ሌላ ጀምራለች። ትላንት በአጥሩ በኩል ድምፅዋን ሰማሁ፣ በቋንቋዋ ታንጎራጉራለች።

ፈቃደ መዝገቡን ለማንም ኮፒ አድርጎ እንዳይሰጥ እድሩ ወስኗል፤ ሙሌም እጁን አውጥቶ ደግፏል። በወለቴ ስም አጠገብ ደግሞ በዚያ ቆንጆ ጽሕፈቱ «ድንኳን ወስዳለች» ተብሎ ተጽፏል፤ እሷ ናት ያስጻፈችው። ስትሞት በሯ ባዶ ይሆናል ማለት ነው። ጂራታ «እናያለን» ይላል።

ባለፈው እሑድ ስብሰባው ሊያልቅ ሲል እኔም ተነሣሁ። በስብሰባ ተናግሬ አላውቅም። ጽሕፈት ቤቱ ለማሸግ ተመልሶ የመጣ እንደሆነ የእኔ ድንኳን ገና አልተነካም፣ ጻፈው አልኩት ፈቃደን። ከኋላዬ አንድ ሰው «የእኔም» አለ። ዞሬ ሳላይ ሌላ ሰው ደገመው። ዘጠና ሁለት አባል አለን።