ባለቤቴ የጻፈበት ስዊች

አያት ኮንዶሚኒየም በምንኖርበት ቤት፣ በትንሿ ክፍል ውስጥ ባለቤቴ ሦስት አሮጌ ስዊቾች ደርድሮ ነበር፤ ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የሚያገናኙ ሣጥኖች ናቸው። እኔ የትምህርት ቤት ጸሐፊነቴን ባጣሁ ጊዜ "አንቺም ኔትወርክ ተማሪ፣ አብረን እንፈተናለን" ብሎኝ ነበር። ሳንፈተን ሞተ።

በአርባው የመጡት፣ ቦሌ ባለው መሥሪያ ቤት የባለቤቴ አለቃ የነበሩት ሰው ሲወጡ "የኔትወርክ ምስክር ወረቀቱን ካመጣሽ የእሱን ቦታ እስከ መስከረም እይዝልሻለሁ" አሉኝ። ሌላ የማውቀው በር የለም።

በማግሥቱ ክፍሉን ከፈትኩ። ሣጥኖቹ እንደ ትሪ ተደራርበዋል፤ አንድም ገመድ የለም። ለቅሶ ደራሽ እንዲተኛበት ክፍሉን ያስለቀቁት የዕድራችን ሴቶች ነበሩ። ከታች ያሉትን ጎረቤቴን ጠራኋቸው።

"እትዬ፣ ገመዶቹስ?"

"ያ እንደ አንጀት የተዘረገፈው? ጠቅልዬ በፌስታል አሰርኩልሽ።"

"ሣጥኖቹ ላይ የተለጠፉት ወረቀቶችስ?"

"ልጬ፣ በአልኮል ፈግፍጌ! ሰው ሲመጣ ቤትሽ የመጋዘን መልክ ይኑረው እንዴ?" ካሉ በኋላ ፊቴን አዩና ድምፃቸው ወረደ። "ምን አጠፋሁ፣ ልጄ?"

"ምንም" አልኳቸው። ከሦስቱ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነበር፤ የይለፍ ቃሉ ደግሞ ከተፋቁት ወረቀቶች በአንዱ ላይ ተጽፎ ነበር።

የተጋባንበትን ቀን ሞከርኩ። የእናቱን ስም፣ የእኔን ስም። አልከፈት አለ። ውስጡ የሁለት ዓመት ሥራው አለ፤ ለእኔ ብሎ በየመስመሩ ማብራሪያ ይጽፍ ነበር፤ "ይህን አትንኪ"፣ "እዚህ ጋ ባለፈው ተሳስተሻል"። ፈተናው ግን እየቀረበ ነው፤ ያለ መለማመጃ ደግሞ አላልፍም።

ስልኬ ላይ ባየሁት ምክር፣ ከፊት ያለችውን ቁልፍ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም እስኪሉ ተጭኜ ያዝኩ። ተነሥቶ ሲበራ የይለፍ ቃል አልጠየቀኝም። ከእሱ ጽሑፍም አንድ ቃል አልቀረም። አውቄው ነው ያደረግኩት፤ ሌላ መንገድ የለም ብዬ።

ከዚያ ከዜሮ ጀመርኩ። መጽሐፉን እንደ ልማዴ ከመጀመሪያው ገጽ በተራ አነበብኩ፤ ምዕራፍ መዝለል አልወድም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ መጨረሻው አካባቢ ደረስኩ። የይለፍ ቃል ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ የሚያስረዳ ምዕራፍ ነው። ስዊቹ ጠፍቶ ሲበራ ቁልፏን ተጭኖ መያዝ፣ የይለፍ ቃሉና የተጻፈው ሁሉ ያለበትን ፋይል ስም መለወጥ፣ ከተነሣ በኋላ ስሙን መመለስ። ምንም አይጠፋም።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ሽሮ ይዘው መጥተው ቢያንኳኩም አልከፈትኩላቸውም።

ይህ ምዕራፍ ፈተና ላይ አይቀርም ይባላል። ስለዚህ በነጋታው ራሴ ቆለፍኩት፣ ራሴ ከፈትኩት፤ ደጋግሜ፣ እጄ እስኪለምደው። አሁን አልሳሳትም። የፋይሉን ስም ለውጬ እመልሳለሁ፤ ያለው ሁሉ እንዳለ ይተርፋል። ያለው እኔ ትናንት የጻፍኩት ብቻ ነው።