በእጄ የተለካ ብርሃን

ልጅ እያለሁ ብርሃን ከእጄ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ዓረብ አገር፣ ባዲዓ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ይሠራ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምውለው እዚያው ነው። በውሃ የሚሠራው የአየር ማቀዝቀዣ እርጥብ ገለባና የፎቶ ማጠቢያው እንደ ኮምጣጤ ያለ ሽታ ዛሬም ካፍንጫዬ አልጠፋም። በአዘቦት ቀን የሚመጣው ለኢቃማ፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ ጉርድ ፎቶ የሚፈልግ ሰው ነው። ዒድ ሲደርስ ግን ያገራችን ልጆች ተጠራርተው፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርደውን የዓረብ ቀሚስ፣ አዲስ ነጭ ቶብ ለብሰው ከች ይላሉ። ለእናት የሚላክ ፎቶ ነው። አባቴ ጣሪያው ላይ ያወጣቸውና፣ ከማንሳቱ በፊት ወደ እኔ ዞር ብሎ "እጅሽን አምጪ" ይለኛል።

የእጄን ጀርባ ፀሐይ ላይ እዘረጋለሁ። ካሜራውን ሊነካኝ እስኪደርስ አስጠግቶ፣ ውስጡ ያለችው ብርሃን የምትለካ መርፌ መሃል ላይ እስክትቆም ቀለበቶቹን ያዞራል። ከዚያ ምንም ሳይቀይር ሰውየውን ያነሳዋል።

አንድ ዒድ ላይ ዐዚዚያ ሰፈር ጋራዥ የሚሠራ ቀልደኛ የወሎ ልጅ መጣ። "ጋሼ፣ አደራ ከሰል አድርገህ እንዳትልከኝ። እናቴ 'ልጄን የዓረብ ፀሐይ ጠበሰብኝ' ብላ ታለቅሳለች" አለው።

"ያላ፣ አፍህን ግጠም! ጥርስህን ብቻ ልትልክላት ነው?" አለው አባቴ።

ሳቃችን ሲበርድ ለምን ልብሱን እንደማይለካ ጠየቅሁት። "ነጩን ካመንኩት ፊቱን ያጨልምብኛል፤ የእጅሽ መልክ ግን የፊቱ መልክ ነው" አለኝ። "ልብሱ ይቃጠል። ልብስ ይገዛል።"

ባለቤቴ ሰዒድ ይህን ታሪክ እየደጋገመ ያስነግረኝ ነበር። ዓምና ካሜራ ገዝቶልኝ መጣ። እኔ ግራ ሲገባኝ ብርሃኑን ራሱ እንዲለካ አውቶ ላይ እመልሰዋለሁ፤ እሱ ደግሞ "የፎቶ አንሺ ልጅ በአውቶ? አባትሽ ቢሰሙ ምን ይሉ!" እያለ ያበሽቀኛል። ማንዋሉን፣ በእጅ ማስተካከሉን፣ ተምሬ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ላነሳው ተስማማን። "ኸላስ፣ ቶቤን አስተኩሼ እጠብቅሻለሁ" አለኝ።

ሙቀቱ ሳይበርድ ሞተ። ልቡ ነው አሉኝ።

የቀሩኝ ፎቶዎቹ በስልክ የተነሱ ናቸው። ሁሉም የዒድ፣ ሁሉም በነጭ ቶብ። ልብሱ ያበራል፣ ፊቱ ጨልሟል። ትንሿ ልጃችን ስልኩን አጉልታ አጉልታ "ማማ፣ የባባ ዓይን የታለ?" ትለኛለች።

ባል የሞተባት ሴት በምትቆይበት የዒዳ ጊዜ ላይ ስለሆንኩ ከቤት አልወጣም። ካሜራውን አውጥቼ ቀስ እያልኩ መማር ጀመርኩ። አፐርቸር የሌንሱ በር ስፋት ነው። ሸተር በሩ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ። አይኤስኦ የሚሉት ካሜራው ለብርሃን ምን ያህል ስሱ እንደሚሆን ነው። አንዱን ስነካ ሌላው ይዛባብኛል፤ ስንቴ ትቼው ተነስቻለሁ። ሦስቱ የተገናኙልኝ እጄን ፀሐይ ላይ የዘረጋሁ ዕለት ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ሰዒድ ያስተኮሰውን ቶብ በረንዳው ላይ ሰቀልኩት። የእጄን ጀርባ ዘርግቼ ለካሁ። የመለኪያው ምልክት መሃል ላይ ቆመች። ለእሱ ፊት ልክ የሆነ ብርሃን ነበር። ካሜራውን ወደ ቶቡ አዞርኩ። ከአንገትጌው በላይ የሚታየኝ የጎረቤት ግድግዳ ነው። አነሳሁት፤ ነጩ አባቴ እንዳለው ተቃጥሎ፣ እጥፋት የሌለው ባዶ ብርሃን ሆኖ ወጣ።

በልጅነቴ ጣሪያችን ላይ እጄን ሰብስቤ ዞር ስል፣ ብርሃኑን የሚጠብቅ አንድ ፊት ሁልጊዜ ቆሞ ይስቅ ነበር። አባቴ ልብሱን ሰውቶ ፊቱን ያተርፍ ነበር። ለእኔ የተረፈኝ ልብሱ ነው። ስለዚህ እጄን አወረድኩና ለመጀመሪያ ጊዜ በነጩ ለካሁ። ብርሃኑን ቀነስኩ፣ አሁንም ቀነስኩ። እጥፋቱ ወጣ፤ ቁልፎቹ ወጡ፤ አንገትጌው ላይ ታጥባም ያልለቀቀችው የላቡ መስመር ወጣች።