የመሪጌታ ክንዱ ቃርና የግራጌታ አምሐ ድምፅ

ቃር የሚያመው ሰው ብዙ ነው፤ በቃሩ ምክንያት በሰው የቀና ግን ከመሪጌታ ክንዱ ሌላ አላውቅም።

ክንዱ ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ደብር ማኅሌት ይመራል። ማኅሌት ላይ ካህናቱ ቀኝና ግራ ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ መሪጌታው ዜማውን ያነሣል፣ የቀሩት ይቀበሉታል። የግራውን ረድፍ የሚይዘው ግራጌታ አምሐ ነው። ሁለቱም የወገራ ልጆች ናቸው፤ በተማሪነታቸው ከአንድ አኩፋዳ በልተዋል፣ በአንድ መምህር ተቀጥተዋል።

ከሁለት ዓመት ወዲህ የክንዱ ድምፅ ሻከረ። ሲተኛ ጎምዛዛ ነገር ወደ አፉ ይመጣል፤ ደረቱን ያቃጥለዋል፤ ጠዋት ከፍ አድርጎ ሲያነሣ ድምፁ መሐል ላይ ይሰነጠቃል። ተልባ ጠጣ፣ ፌጦ በማር ላሰ። አልለቀቀውም። ቢሆንም ይህን ያህል አልተከፋም፤ አምሐም ያንኑ በሽታ ታምሞ ያንኑ ያህል ጎርንኖ ነበርና። አብሮ መጎርነን ያጽናናል።

ክረምቱ ሲወጣ ግን አምሐ «እርሻዬን ልይ» ብሎ ከከረመበት አገሩ ተመለሰና በመጀመሪያው እሑድ ድምፁን አሰማ። ጥርት ያለ ነበር። ክንዱ ያን ቀን ቁርሱን አልበላም።

ደጀ ሰላም ላይ ያዘው። «ምን ቀመስህ?»

«ምንም አልቀመስሁ። ካሜራ ዋጥሁ።»

«ተው ቀልድህን! የምን ሥር ነው? ለኔ ብትነግረኝ ያልቅብሃል?»

«እውነቴን ነው መሪጌታ። ሆዴን በቴሌቪዥን አዩልኝና ኪኒን ሰጡኝ።»

ክንዱ አላመነም። ለድምፅ የሚበጅ ሥር ያገኘ ሰው ለባልንጀራው እንደማይናገር ያውቃል፤ እሱ ቢያገኝ አይናገርምና። እውነቱን ያረጋገጠችለት ሚስቱ ሸዋአየሁ ናት፤ ከአምሐ ሚስት ሰምታ ነበር።

«ምነው አንተ ሰው! ዋሸኝ ትላለህ እንጂ ሄደህ አትታይም?»

«እሱ የሄደበት ልሂድ?»

«ድምፁን ያገኘው እዚያው አይደል?»

ለሕመሙ ሁለት ዓመት ሙሉ ሐኪም ቤት ያልሄደው ሰው፣ ለቅናቱ በማግሥቱ ሄደ። የደብሩ ንግሥ ተቃርቧል፤ ያን ዕለት ማኅሌቱን በዚህ ድምፅ ከመራ ሕዝቡ ሁሉ ከአምሐ ጋር ሊያነጻጽረው ነው።

አምሐ «ካሜራ ዋጥሁ» ያለው ኢንዶስኮፒ የሚባለውን ምርመራ ነው፤ እንዴት ያለ ድንቅ ነገር መሰላችሁ! መሣሪያው እንደ ትንሽ ጣት የቀጠነ፣ እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ቱቦ ነው፤ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ አለው። ጉሮሮ በመድኃኒት ይደነዝዛል፤ በሽተኛው በግራ ጎኑ ይተኛል፤ ጥርሱ ቱቦውን እንዳይነክስ ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ይነክሳል። ከዚያ ቱቦው በአፍ ገብቶ እስከ ጨጓራ ይወርዳል፤ መንገዱ ሁሉ ስክሪን ላይ ይታያል። የሚከብደው ነገር አንድ ነው፤ ጨጓራው ባዶ መሆን አለበት።

«ከማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሱም?» አለች ነርሷ ሕይወት።

«ለኔ ጾም ታስተምሪያለሽ?» አለ ክንዱ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግራጌታ አምሐም እዚህ አልጋ ላይ ነው የተኛው?»

«የሌላ ታካሚ ጉዳይ አንናገርም።»

«ተንፈራግጧል ወይ? ይህችን ብቻ።»

ሕይወት ሳቋ ሊያመልጣት ሆነ። «እርስዎ አይንፈራገጡ እንጂ።»

ክንዱ እንደ ድንጋይ ተኛ። ቱቦው ሲወርድ እንባው ወረደ እንጂ እግሩን አላነሣም። ዶክተር ምስጢር፣ ገና ወጣት ሐኪም ናት፣ ስክሪኑን አየችና ቱቦውን ቀስ ብላ መልሳ አወጣችው።

«ውኃ ጠጥተዋል።»

«ኧረ በስመ አብ! ጠብታ አልቀመስሁም።»

«ጨጓራዎ እኮ ሞልቷል። ታዲያ ምንድን ነው?»

«እሱማ ጸበል ነው።»

ጎሕ ሲቀድ በሃይላንድ ሁለት ሙሉ ጠጥቶ ነበር የመጣው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጸበል ጾም አይሽርም፤ እንዲያውም በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው። ስለዚህ ክንዱ በሱ ቤት አልዋሸም። ዶክተሯም ይህን ስለምታውቅ አልተቆጣችም። ጉሮሮ ሲደነዝዝ ከሆድ የተመለሰ ማንኛውም ፈሳሽ ወደ ሳንባ ሊገባ እንደሚችል አስረዳችውና ለሌላ ቀን ቀጠረችው። «ያን ቀን ጸበሉን ከምርመራው በኋላ ይጠጡ።»

ክንዱ ውጪ ወጥቶ ዜማ ሊሞክር ቢል ጉሮሮው የሱ አልመስል አለው። ምራቁን እንኳ መዋጥ አቃተው። ከበር ስትጠብቀው የነበረችውን ሸዋአየሁን ክንዷን ያዘ።

«ድምፄን ወሰዱት! አምሐ ነው የላከኝ! በምቀኝነት ነው የላከኝ!»

«አንተው በቅናት መጥተህ፣ ምቀኛው እሱ ሆነ?»

የደነዘዘው የጉሮሮው ቆዳ እንጂ ድምፁ አልነበረም፤ ቤቱ ሳይደርስ ለቀቀው።

በቀጠሮው ቀን ጨጓራው ባዶ ነበርና ሁሉም ታየ። ዶክተሯ የተቀረጸውን አሳየችው። የምግብ ቧንቧና ጨጓራ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ምግብ አሳልፎ የሚዘጋ በር አለ፤ የክንዱ በር ላልቷል። ስለዚህ ሲተኛ የጨጓራው አሲድ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከቧንቧው አልፎ ድምፅ የሚወጣበትን ማንቁርቱን ሳይቀር ያቃጥላል።

«መቼ ነው የሚበሉት?»

«አብዛኛው ቀን ጾም ነው፤ ቅዳሴ ሲወጣ፣ በዘጠኝ ሰዓት።»

«ከዚያስ?»

«ጠግቤ እበላና፣ ጠላም አለ፣ ለማኅሌት እነሣለሁና ወዲያው ጋደም እላለሁ።»

«በሩን የሚገፋው እሱ ነው» አለች። ኪኒን አዘዘችለት፤ በጥቂት በጥቂቱ እንዲበላ፣ በልቶ እንዳይጋደም ነገረችው። «ድምፅዎንም ያሳርፉ። ሳይድን ከጮኹበት ሻክሮ ሊቀር ይችላል።»

«ንግሡስ?»

«ለዘንድሮው ያዳምጡ።»

አምሐ ክረምቱን በሙሉ ለምን አገሩ እንደከረመ ለክንዱ ያን ጊዜ ገባው። እርሻ ሊያይ አልነበረም። ማንም ሳያየው ዝም ሊል ነው የሄደው። እሱ ግን በሕዝብ ፊት ዝም ሊል ነው፤ ያውም አምሐ እያዜመ።

የንግሡ ዕለት ሁሉም የሱን አፍ ሲጠብቁ ወደ ግራ ዞረ። «ዛሬ አንተ አንሣ» አለ።

አምሐ ደነገጠ፤ ከዚያ አነሣ። ክንዱ ከንፈሩን ገጥሞ በመቋሚያው ምድሩን እየመታ አዳመጠ። ስሕተት ፈለገ። አንድ ቦታ ይቸኩላል ብሎ ጠበቀ፤ አልቸኮለም። ሌላ ቦታ ይወድቃል ብሎ ጠበቀ፤ አልወደቀም። እስከ መጨረሻው አንድም አላገኘም።

ሲወጡ አምሐ ጠጋ አለው። «እንዴት ነበር መሪጌታ?»

ክንዱ አሰብ አደረገና በጣቱ ጉሮሮውን አመለከተ፤ መናገር ተከልክያለሁ ማለቱ ነው።

«ዐውቀዋለሁ፤ ለምስጋና ግን አንድ ቃል አያሳምምም።»

«ሸጋ ነው» አለ ክንዱ፣ ወደ ሌላ እያየ።

ቤቱ ገብቶ ከቀረበለት ድግስ ጥቂት ቀማመሰና ገበታውን ገፋ፤ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ዓይኑ በድካም ይከደናል።

«ምነው ጋደም አትልም?» አለች ሸዋአየሁ።

«አምሐ በልቶ ይጋደማል ወይ?»

«እኔ በምን ዐውቄ!»

«ሚስቱን ጠይቂልኝ» አለና ይበልጥ ቀና ብሎ ተቀመጠ።