የቁመቱ እጥፍ

በየዓመቱ ዘጠነኛ ክፍል ሦስት ማዕዘን ላይ ስንደርስ ፊቴ ይቀላል። ተማሪዎቼን ማስመሪያና ፕሮትራክተር አስይዤ፣ አንዱ ማዕዘኑ ዘጠና ዲግሪ የሆነ ሦስት ማዕዘን እንዲስሉ አደርጋለሁ፤ ሌላውን ማዕዘን እየለዋወጡ ጎኖቹን ይለካሉ። ሠላሳ ዲግሪ ላይ ረጅሙ ጎን የአጭሩ እጥፍ ይመጣል። አርባ አምስት ላይ ሁለቱ አጫጭር ጎኖች እኩል ይሆናሉ፤ አስር አስር ከሆኑ ረጅሙ አሥራ አራት ይጠጋል። ራሳቸው ሲደርሱበት ይጮኻሉ። አንዱ ብድግ ብሎ "ቲቸር፣ እጥፉ ለሁሉም ይሠራል?" ሲል ግን መልሱን ወደ ሰሌዳው ዞሬ ነው የምሰጠው።

አባቴ ገብረአምላክ አናጺ ነው። ኮልፌ ውስጥ ስንት ጣሪያ እንደሠራ ራሱም አያውቀው። ከአሠሪው የወረሰው አንድ ሕግ ነበረው፤ ወራጁ የቁመቱ እጥፍ ነው። ከግድግዳው አናት እስከ ጣሪያው ጫፍ አንድ ሜትር ከሃምሳ ከሆነ፣ በተዳፋቱ የሚወርደው እንጨት ሦስት ሜትር። የሚሠራቸው ቤቶች ስፋታቸው ሁሌም አምስት ሜትር ከሃያ፣ ቁመታቸውም አንድ ከሃምሳ ስለነበር ሕጉ አንድም ቀን አላሳፈረውም። በዚያ ስፋትና ቁመት ተዳፋቱ ልክ ሠላሳ ዲግሪ እንደሚሆን ማን ይንገረው? ደግሞ ኩራቱ! ወራጁን በሙሉ መሬት ላይ ቆርጦ ጨርሶ ነው የሚሰቅለው። "መጋዝ ይዞ ጣሪያ የሚወጣ፣ እሱ አናጺ አይደለም" ይላል።

እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ እድራችን የድንኳንና የወንበር ማስቀመጫ ቤት ሊሠራ ተነሳ። እንጨቱን አባላቱ አዋጡ፣ አባቴ ጉልበቱን በነጻ ሰጠ። ቅዳሜ ቁርስ ላይ "ስፋቱ አምስት ከሃምሳ ነው፣ ትንሽ ሰፋ ይላል። ቁመቱ ግን ያው ነው" አለን፣ ደስ ብሎት።

እናቴ ምሳውን አድርሺለት አለችኝ። ያን ቀን ሰሀር የምትባል የክፍል ጓደኛዬ ከዓለም ባንክ ሠፈር ልታጠና መጥታ ነበርና አብራኝ ወጣች። ለሰሀር አባቴ ኢንጂነር ነው ብዬ ነግሬያት ነበር። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። አይ፣ አውቃለሁ፤ አፍሬበት ነው።

ስንደርስ የተቀደደ ቱታውን ለብሶ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ በሦስት ሜትር እንጨት እየለካ ይቆርጣል። አራት ቆርጧል፤ ሃያ ይቀሩታል። በዚያው ሳምንት ተምረነው ነበርና መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ አሰላሁት። የስፋቱ ግማሽ ሁለት ከሰባ አምስት፣ ቁመቱ አንድ ከሃምሳ፤ ወራጁ ሦስት ሜትር ከአሥራ ሦስት መሆን አለበት። ቤቱ ሰፍቶ ቁመቱ ካልጨመረ ተዳፋቱ ይተኛል፤ ሲተኛ ደግሞ እጥፍ አይበቃም።

"ማነው ሰውየው?" አለችኝ ሰሀር።

"የሠፈር አናጺ ነው" አልኳት።

ልናገር ብል "አባዬ" ብዬ መጥራት ነበረብኝ። ምሳ ዕቃውን ለዘበኛው ሰጥቼ ዞርኩ። አባቴ አይቶኝ እጁን አነሳ፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው የእኔን ዝምታ አላየም።

በማግስቱ እሁድ የእድሩ አባላት ቆመው እያዩ ወራጆቹ ሲሰቀሉ አናት ላይ አልደረሱም። ሃያ አራቱም። "ገብሬ፣ የሰው እንጨት እኮ ነው! ምን ነካህ?" አለው የእድሩ ዳኛ አቶ ጌታቸው። አባቴ ሜትሩን ዘረጋ፣ ሰበሰበ፣ እንደገና ዘረጋ። ከዚያ መጋዙን ይዞ ጣሪያ ላይ ወጣና በሰው ሁሉ ፊት ቁርጥራጭ ሲቀጥል ዋለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሠፈሩ ስሙ ገብሬ ቅጥያ ሆነ።

ባለፈው ወር ቤት ሄጄ የተማሪዎቼን ወረቀት ሳርም አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። አሁን ጉልበቱ እምቢ ብሎት ሥራ አቁሟል።

"እስቲ ራኪዬ፣ ያ እጥፍ ለምን ከዳኝ? እስካሁን ይከነክነኛል።"

ባዶ ወረቀት ላይ ስዬ አሳየሁት። ሠላሳ ዲግሪ ላይ ሕጉ እንደሚይዝ፣ ማዕዘኑ ሲጠብ ወራጁ ከእጥፍ እንደሚበልጥ ነገርኩት። ፊቱ በራ።

"አሃ! እጄ አልነበረማ ያጠፋው። አለካኬ ልክ ነበር!" አለ። ቀጥሎም "ይሄን ስንተኛ ክፍል ነው የምታስተምሩት?" ሲል ጠየቀኝ።

"ዘጠነኛ" አልኩ፣ ሳላስብ።

ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ሲቆጥሩ አየሁ።

"ያኔ አንቺ ዘጠነኛ ነበርሽ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባቴ ሥዕሉን አንስቶ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ገና አልደረሳችሁበትም ነበር መሰለኝ" አለ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ "አዎ አባዬ፣ አልደረስንበትም ነበር" አልኩት።

"ይሁን" አለና የሳልኩበትን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።